ቤትን ለሽያጭ ስለ ማሰናዳት

ነጋዴ የሆነ ሰው ሸቀጡን ሳያሰናዳ ወደ ገበያ አያወጣም። ማሽላውን ከገለባው ይለያል፤ ሰሊጡን ያበጥራል፤ ቡናውን ከድንጋዩ ይለቅማል፤ ፍየሉን ወደ ገበያ ከመንዳቱ በፊት ውሃ አጠጥቶና አብልቶ ያሳድራል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ገዢ በዓይኑ ያየውን ነገር ወዲያውኑ በልቡ እንደሚመዝነው ስለሚያውቅ ነው። ነገር ግን ይኸው ብልህ ነጋዴ ከሸቀጡ ሁሉ በዋጋ የሚበልጠውን ቤቱን ሊሸጥ በተነሣ ጊዜ ከነትቢያው፣ ከነቀዳዳውና ከነተጓደለው ወረቀቱ አውጥቶ ለገዢ ሲያቀርበው ይታያል። ከዚያም ዋጋው የወረደበት እንደ ሆነ ደላላውን ይወቅሳል።

እኔ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ቤት ሠሪም የሕግ ዐዋቂም አይደለሁም። የአንድ ነጋዴ ጸሐፊ ነኝ። በዚህ ሥራዬ ቤት ሲሸጥና ሲገዛ ወረቀቱን አሰናድቻለሁ፤ ገዢዎችን ይዤ ከክፍል ወደ ክፍል አዙሬአለሁ፤ አንድ ጊዜም ሊሸጥ የተቃረበ ቤት በገዛ እጄ አበላሽቻለሁ። ስለዚህ ከዚያ ጥፋት የተማርሁትንና ከዚያም ወዲህ ያየሁትን ለክቡራን አንባብያን ባካፍል ለአንዳንዱ ሊጠቅም ይችላል ብዬ አምናለሁ።

ሚኤሶና የቤት ፈላጊዎቿ

የምድር ባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ፣ ከዚያም ወደ ምዕራብ ቀጥሎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ ሚኤሶ በመንገዱ ላይ ከተቋቋሙት ጣቢያዎች አንዷ ሆነች። ከጨርጨር ደጋ፣ ከአሰበ ተፈሪ በኩል የሚወርደው መንገድ ከሐዲዱ ጋር የሚገናኝባት ስፍራ ስለሆነች፣ ከተማዪቱ ከጥንት ጀምሮ የነጋዴና የመንገደኛ ከተማ ናት። የቀድሞው ባቡር ወደ አዲስ አበባ መመላለሱን ካቋረጠ በኋላ፣ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የምድር ባቡርም እንዲሁ በሚኤሶ በኩል ያልፋል። እንዲያውም ከሰበታ እስከ ሚኤሶ ያለውን አንድ የቻይና ኩባንያ፣ ከሚኤሶ እስከ ደወሌ ያለውን ደግሞ ሌላ የቻይና ኩባንያ ስለ ሠሩት የሁለቱ ሥራ የተጋጠመው እዚሁ ነው።

ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የቤት ዋጋ መንገድን ተከትሎ ይወጣል፣ መንገድን ተከትሎ ይወርዳል። ጣቢያውን ፊት ለፊት የሚያይ ቤት በአንድ ዘመን የከበረ ነበር፤ ጭነት ወደ መኪና በዞረ ጊዜ በአስፋልቱ ዳር ያለው ይከብራል። ስለሆነም ቤቱን ሊሸጥ የተነሣ ሰው በቅድሚያ ራሱን ሊጠይቀው የሚገባ ነገር «ይህን ቤት ዛሬ የሚፈልገው ማን ነው?» የሚለው ነው።

እኔ እንዳየሁት በከተማችን ቤት ፈልጎ የሚመጣ ሰው በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው የከብት፣ የግመልና የፍየል ነጋዴ ነው፤ እርሱ ከቤቱ ይልቅ ግቢውን፣ የውሃውን ነገርና የአጥሩን ጥንካሬ ያያል። ሁለተኛው ባለ ሱቅ ወይም የእህል ነጋዴ ነው፤ እርሱ መንገድ ዳር የሆነ በር፣ ደረቅ መጋዘን፣ አይሱዙ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊገባበት የሚችል ሰፊ የግቢ በር ይፈልጋል። ሦስተኛው ቤተሰቡን ሊያኖርበት የሚፈልግ ሠራተኛ ነው፤ እርሱ ስለ ማድ ቤቱ፣ ስለ ሽንት ቤቱና ሌሊት ስላለው ሙቀት ይጠይቃል። ቤቱ ከእነዚህ ለየትኛው እንደሚስማማ ሳያውቁ ለጥገና ገንዘብ ማውጣት ለዐይነ ስውር መስተዋት እንደ መግዛት ነው።

የኖራው ታሪክ

ከጥቂት ዓመታት በፊት የማገለግላቸው ነጋዴ በሚኤሶ ያለውን አንድ ቤታቸውን ለመሸጥ ቆረጡ። ምክንያቱም በዱቤ የወሰዱት ዕቃ የመክፈያ ቀኑ በሦስት ወር ውስጥ ስለሚደርስና በእጃቸው ያለው ገንዘብ ስለማይበቃ ነበር። ቤቱ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ከፊቱ በረንዳ ከጓሮው መጋዘን ያለው ነበር። የመጋዘኑን አራት ምሰሶዎች ግን ምስጥ ከሥራቸው በልቷቸው ነበር።

እኔም ጊዜና ገንዘብ ያተረፍሁ መስሎኝ ምሰሶዎቹን በጭቃ አስመርጌ፣ ግድግዳውን በሙሉ ኖራ አስቀባሁት። ቤቱ ነጭ ሆኖ አማረ። በሳምንቱ ከአሰበ ተፈሪ በኩል የመጡ አንድ ሸምገል ያሉ የከብት ነጋዴ ገዢ ሆነው ቀረቡ። በረንዳውን አይተው አመሰገኑ፤ ሳሎኑንም ወደዱት። መጋዘኑ ውስጥ በገባን ጊዜ ግን ምንም ሳይናገሩ የያዙትን በትር አንሥተው አንዱን ምሰሶ ከሥሩ ወጋ አደረጉት። በትሩ እስከ ግማሽ ክንድ ገባ። አውጥተው ጫፉን በጣታቸው ጠረጉና «ወንድሜ፣ ይህ ምሰሶ ፊቱን ታጥቧል እንጂ አልዳነም» አሉኝ። ስለ ዋጋ አንድ ቃል ሳይናገሩ ተሰናብተውን ሄዱ።

ጉዳቱ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን የሚቀጥለው የገበያ ቀን ሳያልፍ ነገሩ በከተማው ተሰማ። ከዚያ በኋላ የመጡት ሁለት ገዢዎች ሁለቱም በትር ይዘው መጡ፤ ሰላምታ ሳይጨርሱም ግድግዳ መወጋት ጀመሩ። አንደኛው ደኅና የሆነውን ጣሪያ «ይህስ ምን ተደርጎበት ይሆን?» ሲል፣ ሁለተኛው ደግሞ የይዞታ ካርታው ትክክል መሆኑን ተጠራጠረ። የሰጡትም ዋጋ የቦታውን ያህል እንኳ የሚሆን አልነበረም። እንዲህ ሆኖ ሰባት ሳምንት በከንቱ አለፈ፤ የዕዳው ቀንም ቀረበ።

ጌታዬ የሆነውን ሁሉ ከነገርኋቸው በኋላ አልተቆጡኝም። «ስሜ ከዚያ ኖራ ሥር ተቀብሯል፤ ቆፍረህ አውጣልኝ» አሉኝ። ይህ ቃል ከቁጣ ይልቅ አሳፈረኝ። በነጋታው አናጺ ጠርቼ ምርጊቱን አስፈነቀልሁ። አራቱም ምሰሶዎች ወጥተው ምስጥ የነካው አፈር ተዛቀ፤ አዲሶቹ ምሰሶዎች ከሥራቸው የተቃጠለ የመኪና ዘይት ተቀብተው ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ቆሙ። የተበሉትን አሮጌ ምሰሶዎች አላቃጠልናቸውም፤ በግቢው ውስጥ ለሚመጣው ሁሉ እንዲታዩ አስቀመጥናቸው።

ቤቱን ማዘጋጀት ማለት ምን እንደ ሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ከዚህ ቀጥሎ በቅደም ተከተል እገልጻለሁ።

1ኛ፤ ወረቀቱ

የቤቱ የመጀመሪያ ምሰሶ ወረቀቱ ነው። ይህንንም ለማስተዋል የአገራችንን የቤት ሕግ ታሪክ ባጭሩ ማስታወስ ይጠቅማል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት መሆኑን ደንግጎ፣ ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ የሠራው ግንባታ ግን የራሱ እንደ ሆነና ሊያስተላልፈው እንደሚችል ገለጸ። ስለዚህ ሻጭ የሚሸጠው ቤቱን እንጂ መሬቱን አይደለም። ከዚህም የተነሣ ገዢ በቅድሚያ የሚጠይቀው «ቤቱ በማን ስም ነው? ይዞታውስ ነባር ነው ወይስ የሊዝ?» ብሎ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ተቀባዩ በሊዝ ሥሪት እንዲይዘው ስላዘዘ፣ ይህ ጥያቄ የገዢን ኪስ የሚነካ ነው። ደንቦች የሚሻሻሉ ስለሆኑ ሻጩ አስቀድሞ ከማዘጋጃ ቤቱ ጠይቆ መልሱን በእጁ ቢይዝ ገዢውን ከሥጋት፣ ራሱንም ከዋጋ ቅነሳ ያድናል።

እንግዲህ ገዢ ከመጥራት በፊት የሚከተሉት መሟላት አለባቸው። የይዞታ ማረጋገጫው ካርታ በሻጩ ስም መሆኑን ማረጋገጥ፤ ቤቱ በውርስ የተገኘ ከሆነ የወራሽነቱን ማስረጃ አውጥቶ ስሙን ማዛወር፤ የቦታና የቤት ግብሩን ከፍሎ ደረሰኞቹን በአንድ አቃፊ ማኖር፤ የውሃና የመብራት ሒሳብ መዝጋት፤ ተከራይ ካለ የሚለቅበትን ቀን በጽሑፍ መስማማት። ባልና ሚስት በጋራ ያፈሩት ቤት ከሆነ የሁለቱም ስምምነትና ፊርማ ያስፈልጋል። ብዙ ሽያጭ ቀብድ ከተያዘ በኋላ የሚፈርሰው በዚሁ ነው።

ወሰኑንም አትርሱ። ጎረቤቶችን ጠርቶ፣ ቡና አፍልቶ፣ በእነርሱ ፊት ችካሉን ማሳየት ከአንድ ቀን በላይ አይፈጅም። ገዢው በሚመጣበት ቀን ጎረቤት ከአጥሩ ማዶ «ይህ አጥር ወደ እኔ ገብቷል» ብሎ ቢናገር ግን ያችን አንዲት ቃል ምንም ቀለም አይሸፍናትም።

2ኛ፤ ጣሪያ፣ ግድግዳና ውሃ

ከወረቀቱ ቀጥሎ ጣሪያው ይታያል። ገዢ ከቤት ሲገባ ቀና ብሎ ኮርኒሱን ያያል። በኮርኒሱ ላይ ቡናማ የውሃ ምልክት ካለ፣ ጣሪያው ዓምና ተጠግኖ ቢሆን እንኳ እንደሚያፈስ ይቆጥረዋል። ስለዚህ በቅድሚያ ቆርቆሮውን በመሰላል ወጥቶ መመርመር፣ የላላውን ሚስማር ማጥበቅ፣ የዛገውን ቅጠል መለወጥ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ምልክት ያለበትን ኮርኒስ መቀየር ይገባል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የሚሆነው የእኔ ኖራ የሆነው ነው። አሸንዳውንም ማጽዳትና ውሃው ከግድግዳው ርቆ እንዲፈስ ቦይ ማውጣት በጣም አነስተኛ ወጪ የሚጠይቅ፣ ጥቅሙ ግን ከፍ ያለ ሥራ ነው።

ግድግዳን በተመለከተ የቆላው ዋና ጠላት ምስጥ ነው። ጠባዩም ከመሬት ተነሥቶ በጭቃ ዋሻ ውስጥ ወደ እንጨቱ መውጣት ነው። ስለሆነም ከግድግዳ ሥር የተከመረ አፈር፣ ማገዶና አሮጌ ጣውላ መነሣት አለበት። የተበላው እንጨት ይለወጥ፤ የተሰነጠቀው ጭቃ ይመረግ፤ ደርቆ ከጠና በኋላ ይለሰን፤ ቀለምና ኖራ የመጨረሻው ሥራ ይሁን።

ስለ ሙቀትም አንድ ነገር ልጨምር። በእንግሊዝ አገር ቤት የሚሸጥ ሰው ቤቱ ምን ያህል ኃይል እንደሚቆጥብ የሚያሳይ የምስክር ወረቀት ለገዢው እንዲያቀርብ በሕግ ይገደዳል። የእነርሱ ችግር ብርድ ነው፤ የእኛ የቆላው ሰዎች ችግር ሙቀት ነው፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት በዘጠኝ ሰዓት ውስጡ እንደ ምጣድ ይግላል። አንዳንድ ሻጮች ይህን ለመሸሽ ገዢን በማለዳ ብቻ ይጠራሉ፤ ገዢው ግን ከገዛ በኋላ በዘጠኝ ሰዓት መኖሩ አይቀርም፤ ይህንንም ያውቃል። ይልቅስ ኮርኒስ ማልበስ፣ ከጣሪያው ሥር ነፋስ የሚያሳልፍ ክፍት ቦታ መተው፣ በበረንዳው ፊት ያለውን ጥላ የሚሰጥ ዛፍ ከመቁረጥ ይልቅ መከርከም ይሻላል። እኔ ባየኋቸው ሽያጮች ከቀለም ይልቅ አንድ የኒም ዛፍ ጥላ ገዢን ተቀምጦ እንዲነጋገር አድርጓል፤ የተቀመጠ ገዢም ከቆመ ገዢ ይሻላል።

3ኛ፤ ግቢውና ንጽሕናው

በአሜሪካን አገር ለሽያጭ የሚቀርብን ቤት በተመረጡ ዕቃዎች አስጊጦ ማሳየት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። እኛን ያን ያህል አያስፈልገንም። የሚበቃን ማስወገድ ነው። የተሰበረ አልጋ፣ ባዶ በርሜል፣ የቆየ ጎማ፣ የዛገ ሚዛን ከግቢው ይውጣ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ዕቃ በግማሽ ቢቀነስ ክፍሉ የሰፋ ይመስላል። ማድ ቤቱ ከጥላሸት ይጽዳ፤ መስኮቶቹ ይከፈቱ፤ የማይዘጋ በር ይስተካከል፤ የጠፋው አምፖል ይለወጥ። ሽንት ቤቱ ያልጸዳ ከሆነ ገዢው ሌላውን ክፍል ለማየት ያለው ፍላጎት ይቀንሳል።

መጋዘን ያለው ሰው መጋዘኑን ባዶ አድርጎ ጠርጎ ያሳይ። ባለ እህል ነጋዴ ወለሉን በእጁ ዳስሶ እርጥበቱን፣ በአፍንጫውም ሻጋታውን ይለያል። በአንድ ጥግ ጥቂት ጆንያ በእንጨት ርብራብ ላይ ደርድሮ ማሳየት መጋዘኑ ምን ያህል እንደሚይዝ ያለ ንግግር ያስረዳል።

4ኛ፤ ወጪውን ከትርፉ ጋር ማስተያየት

ጥገና ሁሉ አያተርፍም። ለምሳሌ ያህል አንድ ቤት እንዳለ 800,000 ብር ተጠይቆበት ነበር እንበል። 70,000 ብር ለጣሪያ፣ ለምሰሶና ለምርጊት ወጥቶ ቤቱ 950,000 ብር ቢሸጥ፣ ባለቤቱ 80,000 ብር አተረፈ ማለት ነው። ነገር ግን ይኸው ሰው በ200,000 ብር ወለሉን ሴራሚክ አስነጥፎ የቤቱ ዋጋ በ100,000 ብር ብቻ ቢጨምር፣ ለገዢው የ100,000 ብር ስጦታ ሰጠ። በተለይም ገዢው ቤቱን መጋዘን ሊያደርገው የሚፈልግ ከሆነ ለሴራሚኩ አንዲት ብር አይከፍልበትም። ጊዜውም በሒሳብ ይግባ፤ ሁለት ወር የሚፈጅ ጥገና የሁለት ወር ኪራይ፣ ዕዳ ካለም የሁለት ወር ወለድ ነው።

እንደ ደንብ አድርጌ የያዝሁት ይህ ነው፦ ገዢው ካላየው የሚያስፈራውን ነገር መጠገን፣ ጣዕሙን የሚመለከተውን ነገር ለገዢው መተው።

5ኛ፤ ጉድለትን መናገርና ውሉን ማሰር

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ኃላፊነት እንዲወስድ ያዝዛል። ስለዚህ ያልተጠገነ ነገር ካለ ገዢው ሳይጠይቅ መንገርና በውሉ ላይ ማስፈር ለሻጩም መከላከያ ነው። የተነገረ ጉድለት ዋጋ ይቀንሳል፤ የተደበቀ ጉድለት ግን ሽያጩን ራሱን ያፈርሳል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው ይኸው ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲደረግና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲመዘገብ ይደነግጋል። በዛፍ ጥላ ሥር በሽማግሎች ፊት የተጻፈ ወረቀት ለመተማመን መልካም ቢሆንም ይህን አይተካም። ቀብድንም በተመለከተ፣ በውሉ ሌላ ስምምነት ካልተደረገ በቀር፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው የሰጠው ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ቢተው ዕጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ወረቀቱ ሳይሟላ ቀብድ የሚቀበል ሻጭ በራሱ ላይ ዕጥፍ ዕዳ ሊጠራ ይችላል። የስም ማዛወሪያውን ወጪና ግብሩን ማን እንደሚከፍልም አስቀድሞ ይነገር፤ ገንዘቡም በባንክ በኩል ይተላለፍ። ደላላው ከአንድ ባይበልጥ መልካም ነው፤ አንድ ቤት በሦስት ደላላ በሦስት ዋጋ ከተጠራ ገዢ ዝቅተኛውን ይዞ ይጠብቃል።

የቤቱ ፍጻሜ

ወደ ጌታዬ ቤት ልመለስና ላብቃ። ምሰሶዎቹ ከተለወጡ በኋላ አንድ የእህል ነጋዴ ሊያየው መጣ። እርሱም በትር ይዞ ነበር። ገና ከበሩ ሲገባ ግን ወደ መጋዘኑ ወስጄ፣ የተበሉትን አሮጌ ምሰሶዎች በግቢው ውስጥ አሳይቼ፣ ኖራውንም ያስቀባሁት እኔ እንደ ነበርሁ ነገርሁት። ዝም ብሎ ሰማኝ። አዲሶቹን ምሰሶዎች አንድ በአንድ ወጋቸው፤ በትሩ አልገባም። ከዚያ በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ስለ ዋጋ መነጋገር ጀመረ።

ቤቱ መጀመሪያ ካሰብነው ባነሰ፣ በመካከል ከተሰጠን ዋጋ ግን እጅግ በበለጠ ተሸጠ። ዕዳው ከቀኑ ዐሥራ አንድ ቀን ዘግይቶ ተከፈለ፤ ለእነዚያም ቀናት ጌታዬ ባለ ዕዳ ሆነው በሰው ፊት መለመን ግድ ሆነባቸው። ያን ልመና ያመጣሁባቸው እኔ መሆኔን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ገና በመጀመሪያው ሳምንት አራቱን ምሰሶዎች ለውጬ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰ ነበር።

ስለዚህ ክቡራን ነጋዴዎች ሆይ፣ ቤታችሁን ለመሸጥ ባሰባችሁ ጊዜ ገዢ ከመጥራታችሁ በፊት እናንተው በትር ይዛችሁ በቤታችሁ ዙሩ። በትሩ የሚገባበትን ስፍራ ቀድማችሁ ካገኛችሁት ጥገናው የአናጺ ቀን ዋጋ ነው፤ ገዢው ቀድሞ ካገኘው ግን ዋጋውን የሚቆርጠው እርሱ ነው።